ሰሌዳውና ኮሪደሩ

(ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ዲስኩር)



የጥሪ ደብዳቤው የደረሰኝ በእንግሊዝኛ ነው። ከፊርማው ሥር ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በእጃቸው፣ በአማርኛ፣ «በሚቀልዎት ቋንቋ ይናገሩ» የምትል መስመር ጽፈውበታል። ያቺ መስመር ናት ያመጣችኝ። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው በእንግሊዝኛ ክፍል ስብሰባ ላይ ቆሞ አማርኛ ሲናገር የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ትንሽ ቆይቼ እንደምነግራችሁ፣ ይህ በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ «የትምህርት ክፍሉ ዜናና የጋራ ሕይወት» የሚል ነው። ሰፊ ነው። እንዲመቸኝ ብዬ ወደ ሁለት ቦታዎች አጥብቤዋለሁ፤ ሰሌዳውና ኮሪደሩ። ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ኮሪደሩ ላይ ወሬ ይወራል። ወሬ ስል ሐሜትን ማለቴ አይደለም። «ምን ወሬ አለ?» ብለን ሰላም የምንባባልበትን ወሬ ማለቴ ነው። ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁና በየመሃሉ እየደጋገምኩ ላሰልቻችሁ፦ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል በሕይወት የሚኖረው «እገሌ ምን እየጻፈ ነው? እገሊት ምን እያነበበች ነው?» የሚለው ወሬ ኮሪደሩ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ያ ወሬ ከቆመ፣ ሰሌዳው በወረቀት ብዛት ቢጎብጥም፣ ቤቱ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ዛሬ ቀደም ብዬ ስለደረስኩ ደረጃው አጠገብ ያለውን ሰሌዳችሁን ቆሜ አነበብኩት። የፈተና መርሐ ግብር አለ። የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚከላከሉበት ቀንና የክፍል ቁጥር አለ። «መታወቂያ የጠፋባችሁ ጥበቃ ጋ ጠይቁ» የሚል አለ። ፀሐይ ያነጣው፣ ቀኑ ካለፈ የቆየ የስፖርት ሳምንት ማስታወቂያ አለ። አንድ የሐዘን መግለጫም አለ፤ ነፍስ ይማር። ሁሉም ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር እየጻፈ ወይም እየተረጎመ እንደሆነ የምትጠቁም ብጣሽ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ወሬውን ከሌላ ቦታ ይዤ መጥቻለሁ። ከሦስት የአፍሪካ እንግሊዝኛ ክፍሎች ነው፤ ከኢባዳን፣ ከማኬሬሬና ከናይሮቢ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ካልጠራሁት በቀር ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

መጀመሪያ ኢባዳን እንሂድ። የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ናይጄሪያ ውስጥ የተከፈተው በ1948 ነው፤ ዲግሪው ግን የለንደን ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዚያው ዓመት ሕክምና ሊማር በስኮላርሺፕ የገባ አንድ ወጣት፣ ዓመት ያህል ቆይቶ ሕክምናውን ተወና ወደ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ሃይማኖት ትምህርት ዞረ። ስኮላርሺፑም ቀረበት። ደራሲው ቺንዋ አቼቤ ነው። ሕክምና ትቶ እንግሊዝኛ የመረጠ ልጅ ከቤተሰቡ ምን እንደሚሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁ አላችሁ፤ እጅ እንድታወጡ አልጠይቅም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ የኢባዳን እንግሊዝኛ ክፍል ለተማሪዎቹ የአጭር ልብወለድ ውድድር አወጀ። በረጅሙ ዕረፍት ወቅት ጽፋችሁ አምጡ ተባለ። አቼቤም ጻፈና አስገባ። ትምህርት ተጀመረ፤ ወራት አለፉ፤ ድምፅ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለሽልማት የበቃ ድርሰት አልተገኘም ይላል። ሆኖም የአቼቤ ድርሰት ተስፋ እንዳለው በስም ጠቅሶታል። ሽልማት ሳያገኙ በስም መጠራት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት! ደስ ይበለው ወይስ ይዘን? ልጁ ወደ መምህርቷ ሄደ። ምን እንደጎደለው ጠየቀ። «ጥሩ ነው፤ ቅርጽ ግን ይጎድለዋል» አሉት። «ታዲያ ይህን ቅርጽ ያስተምሩኛል?» አለ። መምህርቷ ቴኒስ ሊጫወቱ እየተጣደፉ ነበርና ሌላ ቀን አስታውሰኝ አሉት። አስታወሳቸው። ደግሞም አስታወሳቸው። በዚህ ዓይነት አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት አለፈ። በመጨረሻ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ድርሰትህን እንደገና አየሁት፤ ለካ ምንም አልጎደለውም።»

ይህን ታሪክ ራሱ አቼቤ ነው ለጠያቂዎቹ ሲያጫውት የኖረው፤ ከእንግሊዝኛ ክፍሉ ስለ አጭር ልብወለድ የተማረው ያንን ብቻ እንደሆነ እየቀለደ። እኔ ግን በተማሪነቴ ሳነበው ሳቅሁ፤ መምህር ከሆንኩ በኋላ ሳነበው አላሳቀኝም። እነዚያን መምህርት አውቃቸዋለሁና። እኔ ነኝ። «አሁን ስብሰባ አለብኝ፣ ሰኞ ብቅ በል» ያልኩት ልጅ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ልብ በሉ፤ ሰሌዳው ሥራውን ሠርቷል። ውድድሩ ተነግሯል፣ ውጤቱም ተለጥፏል። አስተዳደራዊ ጉድለት የለም። የጎደለው ኮሪደሩ ላይ የሚደረገው የአሥር ደቂቃ ወሬ ነው።

ሁለተኛው ወሬም ከዚያው ከኢባዳን ነው፤ መነሻው ግን እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ከ1953 ጀምሮ የምትወጣ «ፖየትሪ ኤንድ ኦዲየንስ» የምትባል ቀጭን የግጥም መጽሔት ነበረች። ተማሪውም መምህሩም ይጽፍባታል። ከሊድስ ወደ ኢባዳን እንግሊዝኛ ክፍል የመጣ ማርቲን ባንሃም የሚባል ወጣት መምህር ስለዚህች መጽሔት ለተማሪዎቹ አወራላቸው። ወሬውን ከሰሙት አንዱ ጄ. ፒ. ክላርክ ነበር። በ1958 ክላርክ «ዘ ሆርን» የምትባል የተማሪዎች የግጥም መጽሔት መሠረተ። ቀንደ መለከት እንበላት? ወረቀቷ በማባዣ የተባዛ፣ በእጅ የተሰበሰበ ነው። ዕድሜያችሁ ከእኔ ጋር የሆናችሁ የስቴንስልን ቀለም ሽታ ታስታውሳላችሁ፤ ጣት ላይ የሚቀረውንም ጥቁር። ክላርክ በኋላ ከናይጄሪያ ታላላቅ ገጣሚዎችና ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱ ሆነ። ከእርሱ በኋላ መጽሔቷን ካዘጋጁት መካከል አቢዮላ ኢሬሌ አለ፤ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሂስን ያነበባችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ወሌ ሾይንካም ጽፎባታል። በጀቷን ያጸደቀ ኮሚቴ እንደነበረ አላነበብኩም።

አሁን ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ማኬሬሬ እንሻገር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ከሁሉ የምወደው ወሬ ይህ ስለሆነ።

የማኬሬሬ እንግሊዝኛ ክፍል ከ1958 ጀምሮ «ፔንፖይንት» የምትባል መጽሔት ነበረችው። ከአዘጋጆቿ አንዱ ጆናታን ካሪያራ የሚባል፣ በትምህርት ቀደም ያለ ኬንያዊ ተማሪ ነው። ያን ጊዜ ጄምስ ንጉጊ ይባል የነበረ አንድ አዲስ ተማሪ ካሪያራን በመንገድ ላይ ያየዋል። ያስቆመዋል። «አጭር ልብወለድ ጽፌያለሁ፤ ታይልኛለህ?» ይለዋል። ካሪያራም እሺ፣ አምጣው አለ።

ልጁ አንድም ቃል አልጻፈም ነበር።

ውሸቱ ነው። አፉ ቀደመ። ነገር ግን ካሪያራ «አምጣው» ብሏል፤ ግቢው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ነገ ምግብ አዳራሽ ይገናኛሉ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ መጻሕፍት። እንዴት ይሸሸዋል? ቁጭ ብሎ ጻፈ። ያ ድርሰት «ፔንፖይንት» ላይ ወጣ። ዛሬ የምናውቀው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እንዲህ ነው የጀመረው።

እስቲ ይህን ጉዳይ በዛሬው ወግ እናስኬደው። ንጉጊ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ማመልከቻ ይጽፋል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይወጣለታል። ጸሐፊዋ «ለሚመለከተው አካል ተመርቷል» ትለዋለች። ልጁም ድርሰት እንዳልጻፈ ትዝ ይለውና እፎይ ብሎ ይተወዋል። ኮሪደሩ ያሳፈረውን ያህል መዝገብ ቤቱ አያሳፍረውም። ለነገሩ መልካም የኮሪደር ወሬ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሸት አለ፤ «እየጻፍኩ ነው» የሚል ሰው ከግማሽ በላይ ገና አልጀመረም። ሰው ጠይቆት ነው የሚጀምረው።

ወሬው በዚህ አላበቃም። በሰኔ 1962 ማኬሬሬ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ተደረገ። አቼቤ መጣ፤ ሾይንካ መጣ፤ ገጣሚው ክሪስቶፈር ኦኪግቦም ነበረ። ገና ተማሪ የነበረው ንጉጊ የተጋበዘው በሁለት አጫጭር ልብወለዶች ምክንያት ነው፤ አንደኛው «ፔንፖይንት» ላይ፣ ሌላው «ትራንዚሽን» በሚባለው መጽሔት ላይ የወጡ። በጉባኤው መሃል የአንድ ረጅም ልብወለድ ረቂቅ ለአቼቤ ሰጠው። አቼቤ አነበበለት። ያ ልብወለድ፣ «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ»፣ በ1964 በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ታተመ። አያችሁ? ከዓመታት በፊት «ሌላ ቀን አስታውሰኝ» የተባለው የኢባዳን ተማሪ የሌላውን ልጅ ረቂቅ ተቀብሎ አነበበ።

ንጉጊ በኋላ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉባኤ አጥብቆ ይተቻል። እርሱን በሁለት አጫጭር ድርሰቶች የጋበዘ ጉባኤ፣ ታላቁን የስዋሂሊ ባለቅኔ ሻባን ሮበርትን ወይም በዮሩባ የሚጽፈውን ፋጉንዋን አልጋበዘም፤ በእንግሊዝኛ አይጽፉምና። ትችቱ ትክክል ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ እንግሊዝኛ ነበር።

ያው የሃይነማን ተከታታይ ወደ እኛም ደርሷል። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» የወጣው በዚያ ውስጥ ነው፤ አስቀድሞ በቸሃ ጉራጊኛ የጻፈ ደራሲ መሆኑን ስታስቡ ሌላ ነገር ይታያችኋል። «አደፍርስ» የተባለውን ልብወለድ በአማርኛ የሰጠን ዳኛቸው ወርቁም በእንግሊዝኛ የጻፈው «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» በ1973 የታተመው በዚያው ተከታታይ ነው። ስለ ዳኛቸው በኋላ እመለሳለሁ፤ የግል ጉዳይ አለኝ።

ሦስተኛው ወሬ የናይሮቢ ነው። ይህኛው ከኮሪደር ተነሥቶ ስብሰባ ውስጥ የፈነዳ ነው። መስከረም 20 ቀን 1968 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ስለ ክፍሉ የወደፊት አካሄድ ለፋኩልቲው ቦርድ አንድ ወረቀት አቀረቡ። በእያንዳንዱ ፋኩልቲ የሚቀርብ፣ አጀንዳ ተራ ቁጥር ስንት የሚባል ዓይነት ወረቀት ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲታደል ገልበጥ አድርገን ሻይ የምናስቀምጥበት ነን። ሦስት ሰዎች ግን አነበቡት፤ ንጉጊ፣ ሄንሪ ኦውር አኒዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ። ጥቅምት 24 ቀን መልስ ጽፈው አመጡ። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ይዘጋ አሉ!

ክፍሉን የጠሉ እንዳይመስላችሁ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ መሃሉ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? አንድ የኬንያ ተማሪ ከእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ተነሥቶ ወደ ራሱ ለምን ይሄዳል? ከራሱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ቢሄድስ? የአያቶቹ ተረትና ዘፈን፣ የስዋሂሊው ግጥም፣ የአፍሪካ ልብወለድ መሃል ላይ ይቀመጡ፤ ሼክስፒርም ዶስቶየቭስኪም በእነርሱ ዙሪያ ይምጡ። ክርክሩ የጦፈ ነበር። በመጨረሻ በስሙ ሥነ ጽሑፍ ብቻ የተባለ ክፍል ተቋቋመ፤ የቃል ሥነ ጽሑፍም ትምህርት ሆኖ ገባ። ንጉጊ በ1969 ከተማሪዎች ጋር በተያያዘ በተነሣው የአካዳሚክ ነፃነት ውዝግብ ሥራውን ለቅቆ ሄደ፤ ተመልሶ መጥቶም ክፍሉን በኃላፊነት መራ። የሦስቱ የመልስ ወረቀት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ ኮርስ በሚሰጥባቸው ክፍሎች ይነበባል። የፋኩልቲ ቦርድ ወረቀት ያን ያህል ርቆ የሄደበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እኔ ከዚህ ወሬ የምወደው ግን የክርክሩን ውጤት አይደለም። ስለ ውጤቱ ልንከራከር እንችላለን፤ እኔ በግሌ ሼክስፒርን ከመሃል ማንሣት ቀላል እንዳልሆነ ካስተማርኳቸው ልጆች ተምሬአለሁ። የምወደው፣ ሦስት ሰዎች የክፍላቸውን ጉዳይ የራሳቸው ጉዳይ አድርገው ማንበባቸውን ነው። በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ሦስት ሰው ተስማምቶ አንድ ወረቀት ለመጻፍ ስንት ቡና ተጠጥቶ ይሆን?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መጀመሪያ ላይ «የቆየ ልማድ ነው» ያልኳችሁን አልረሳሁም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የመሩት ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የተማሪዎቹ ጋዜጣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»ም እንግሊዝኛ ነው። ከ1958 በኋላ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ስኮላርሺፕ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ግቢውን ተቀላቀሉ። ከእነርሱ አንዱ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ናቸው። እነዚህ ልጆች የመጡት የነፃነት ትግል ከሚካሄድባቸው አገሮች ነው። ይዘውት የመጡትም ወሬ ነው፤ መኝታ ክፍልና ምግብ አዳራሽ ውስጥ የሚወራ። ስለ አገራችን የተማሪዎች እንቅስቃሴ የጻፉ ሰዎች የዚያን ወሬ ዋጋ ከፍ አድርገው ያዩታል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት በዚያ ግቢ፣ የኮሌጅ ቀን የሚባል ዓመታዊ በዓል ነበር። በዚያ በዓል ተማሪዎች ግጥም ይወዳደራሉ። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበ። በአማርኛ ነው። በክፍል ውስጥ የእንግሊዞችን ሮማንቲክ ገጣሚዎች ሲያጠና የሚውል ትውልድ፣ መናገር የፈለገውን ሲናገር በአማርኛ ተናገረው፤ ከተማውም ሰማ። በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ከተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ብዙ ወራት አላለፉም ነበር። የዚያን ዘመን የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ዛሬም ድረስ ስማቸው የሚነሣው ከኮርስ መጻሕፍቱ በላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በእንግሊዝኛ ክፍል ቆሜ በአማርኛ ስናገር ልማድ አልጣስኩም፤ ጠበቅሁ።

ኮሪደርን እያመሰገንኩ ስለቆየሁ አሁን ደግሞ ልውቀሰው፤ አለበለዚያ ውሸታም እባላለሁ። ኮሪደር ንጹሕ ቦታ አይደለም። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተወራበት፣ አንዱ የሌላውን ወሬ ይዞ ወደ ላይ የወጣበት ዘመን ነበረን። ያን ዘመን ያየ መምህር በሩን ዘግቶ መቀመጥ ቢያበዛ አልፈርድበትም። የኮሪደር ወሬ ዘመድ ያበዛል፤ ለእንግዳ ይከብዳል፤ ሴት መምህራን በሌሉበት ቡና ላይ የሚወሰን ነገር አለ። ሰሌዳ ቢያንስ ለሁሉም እኩል ይታያል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ይሁንና ዝም ያለ ኮሪደር ከእነዚህ ሁሉ የባሰ እንደሆነ የማምንበት አንድ ታሪክ አለኝ። የዳኛቸው ጉዳይ ያልኳችሁ እርሱ ነው።

አስተምርበት በነበረ አንድ ተቋም ውስጥ የቢሮ ጎረቤት ነበረኝ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሲያስለው እሰማለሁ። ስድስት ዓመት ያህል በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አብረን ቡና ጠጥተናል። ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጊዮርጊስና ቡና ጨዋታ አውርተናል። የልጆቹን ስም፣ የባለቤቱን ሕመም፣ ስኳር እንደማይወድ አውቃለሁ። በድንገት አረፈ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሦስት ቀን አብረን ተቀመጥን። ከአርባው በኋላ ባለቤቱ ወረቀቶቹን እንድለይላት ለመነችኝ። ከመሳቢያው ውስጥ የተማሪ ደብተሮች ወጡ፤ አራት ናቸው፤ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ። «አደፍርስ»ን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ነበር።

እኔም «አደፍርስ»ን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነበር።

መጽሐፉን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ታሪኩ በሚፈጸምበት በአርማንያ ያሉት ሰዎች ሲነጋገሩ ያለው ያ የአነጋገር ለዛ ተርጓሚን ያስለቅሳል። እኔ ሦስት ወር ቆሜ የቀረሁበት አንድ ጭውውት ነበር። ደብተሩን ገልጬ ወደዚያው ቦታ ሄድኩ። ፈትቶታል። እንደ ዋዛ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሰርዞ። እኔ ደግሞ እርሱ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ባለፋቸው ሁለት ቦታዎች ላይ መልስ ነበረኝ። መካከላችን የነበረው አንድ ጡብ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ምን እየሠራህ ነው?» ብዬው አላውቅም፤ እርሱም አላለኝም። የተቋሙ ሰሌዳ የሞቱን ማስታወቂያ በማግሥቱ ለጥፏል፤ ከነፎቶግራፉ።

የኔን ትርጉም ከዚያ በኋላ አልጨረስኩትም። ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም።

ዛሬ ኮሪደሩ ወደ ቴሌግራም ገብቷል ትሉኝ ይሆናል። እኔም የአንድ የመምህራን ቡድን አባል ነኝ። ጠዋት ስከፍተው ሠላሳ ሁለት መልእክት አለ። አንዱ የማዕረግ ዕድገት አግኝቷል፤ ሠላሳ አንዱ እንኳን ደስ ያለህ ብለዋል። ደግ ነገር ነው፤ እኔም ሠላሳ ሦስተኛ ሆኜ አበባ እልካለሁ። ግን ያ ሰው ማዕረጉን ያገኘበትን ጥናት ያነበበ ስንት ነው? ርዕሱን የጠየቀስ? ቴሌግራሙ ሰሌዳ ሆኗል ማለት ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሰሌዳ። ሠርጋችንን፣ ልደታችንን፣ ሐዘናችንን እናውቃለን። በዚህ ማንም አይወቅሰንም፤ አገሩ እንዲህ ነው። አንዳችን የሌላውን ረቂቅ ግን አናውቅም።

ለምን? ሁለት ምክንያት ይሰጡኛል። መምህራን «ሐሳቤ ይሰረቃል» ይላሉ። ተማሪዎች «ይሳቅብኛል» ይላሉ። የመምህራኑ ፍርሃት አንዳንዴ እውነት አለው፤ አላቃልለውም። ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ረቂቅ መስረቅ ማንም የማያውቀውን ከመስረቅ ይከብዳል። የተማሪዎቹ ፍርሃት ግን ልቤን ይነካኛል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ልጅ ሰዋስው ተሳስቶ እንዳይሳቅበት ብሎ አራት ዓመት ዝም ብሎ ይመረቃል። እናንተ የኋላ ወንበር ላይ ያላችሁ፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። «ዘ ሆርን» ላይ የወጣው ሁሉ ጥሩ ግጥም አልነበረም። «ፔንፖይንት» ላይ የወጣው ሁሉ ጥሩ ድርሰት አልነበረም። የተማሪ መጽሔት አብዛኛው መጥፎ ነው፤ መሆንም አለበት። መጥፎውን የሚጽፉበት ቦታ ሳይኖር ጥሩውን የሚጽፉበት አይመጣም።

ኃላፊው የጠሩኝ ምክር እንድሰጥ ጭምር ስለሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሰሌዳችሁ ላይ ያን ፀሐይ የበላው የስፖርት ሳምንት ወረቀት አንሡልኝ። ቦታው የአንድ ክንድ ስፋት አለው። እዚያ ላይ ማንም ሰው በእጁ የሚጽፍበት ነጭ ወረቀት ይለጠፍ፤ ስም፣ እየጻፈ ወይም እየተረጎመ ወይም እያነበበ ያለው ነገር፣ የቸገረው ቦታ። «የሦስተኛ ዓመቷ እገሊት፤ ስለ አያቷ አጭር ልብወለድ፤ መጨረሻው እምቢ ብሏታል።» ይኸው ነው። ማኅተም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ራሱ ሰውን ወደ ኮሪደሩ ይልካል። ኮሚቴ እንዳታቋቁሙበት ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ኮሚቴ ከተቋቋመ ቅጽ ይመጣል፤ ቅጽ ከመጣ እኔም አልሞላም።

እኔ በበኩሌ ለጀማሪነት ስሜን መጀመሪያው መስመር ላይ እጽፋለሁ። የጎረቤቴን ደብተሮች ቤተሰቡ ሰጥተውኛል፤ ቤቴ ናቸው። አራተኛው ደብተር መሃል ላይ ይቆማል። «አደፍርስ»ን ያነበበ፣ እንግሊዝኛው የማይከብደው፣ አንድ ተማሪ ወይም አንዲት ተማሪ ካለች ከሻይ በኋላ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ።

ሰዓቴ አልቋል። ከመውረዴ በፊት አንድ የምናዘዘው አለኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ኃላፊው ደውለው «ዲስኩሩን ጽፈው ጨረሱ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ጨርሻለሁ፤ ጥቂት ማረም ነው የቀረኝ» አልኳቸው። «እንግዲያውስ ነገ አንድ ሰው ልኬ ላስወስደው?» አሉኝ። አንድም ቃል አልጻፍኩም ነበር። ለመልእክተኛው ሁለት ቀን አሞኛል ብዬ፣ ሌሊት ሌሊት ተቀምጬ የጻፍኩት ይኸው ነው።